ቅቤ ይዤ ባዝ ከተማ

እኔ ለንደን ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። የምጠብቀው ሕንፃ ከእግሩ እስከ አናቱ መስታወት ስለሆነ፣ ሌባ ቢመጣ ከመንገድ ማዶ ሆኖ እኔን ሳዛጋ አይቶ፣ አዝኖልኝ የሚመለስ ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ መስታወት ሲያይ የሚያድር ሰው ደግሞ ድንጋይ ሳይናፍቀው አይቀርም። አንድ ቅዳሜ ከሰፈራችን ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ድስት ልገዛ ገብቼ ፌስታል ሙሉ የሕንፃ ታሪክ መጽሐፍ ተሸክሜ ወጣሁ። የድስቱን ነገር ባለቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ ታነሳዋለች፤ እኔ ግን እሱን ትቼ ወደ ወጌ ልግባ።

መጽሐፍ ስላችሁ ታዲያ የሊቅ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፤ የጀማሪ ነው። መጀመሪያ የገለጥኩት ኦስበርት ላንካስተር የሚባል የካርቱን ሰዓሊ በ1938 ያወጣውን ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ቤቶቹ የነሱ ናቸውና)። በአንደኛው ገጽ ቤት ይስላል፣ በሌላው ገጽ በቤቱ ይቀልዳል። በዘመኑ ገንዘብ ያገኘው ሁሉ አዲሱ ቪላው ላይ ጥቁር እንጨት እየለጠፈ የጥንት ሊያስመስለው ይሞክር ነበርና «የአክሲዮን ደላሎች ቱዶር» ብሎ ስም አወጣለት። እኔም አውቶቡስ ላይ ሆኜ እንጨት የተለጠፈበት ቤት ባየሁ ቁጥር ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እየቀነሰ መጣ።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሻገርኩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜው የሚነበበው ከቅስቱና ከመስኮቱ ነው። ቅስቱ ክብ ከሆነ ኖርማን፤ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ መስኮቱ ከቀጠነ ኧርሊ ኢንግሊሽ፤ የመስኮቱ ድንጋይ ተጥመልምሎ ካበበ ዴኮሬትድ፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቋሚዎች ከተደረደሩበት ፐርፐንዲኩላር። ከኖርማን ወዲህ ያሉትን ሦስቱን ስሞች ያወጣው ቶማስ ሪክማን፣ መጽሐፉን በ1817 ሲያሳትም ሙያውን በራሱ የለቃቀመ ሰው ነበር፤ ሊቨርፑል ውስጥ የሒሳብ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ይሄን ሳነብ ልቤ አበጠ። የሒሳብ ጸሐፊ ከቻለ ጥበቃ ምን ያንሰዋል?

ይበልጥ ያሳበጠኝ ግን ኒኮላውስ ፔቭስነር ነው። የላይፕዚግ ልጅ ነው፤ ናዚዎች በአይሁድ ትውልዱ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ስላባረሩት እንግሊዝ አገር የገባ ስደተኛ። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እንግሊዞቹ «ጀርመን ነህ» ብለው አጎሩት፤ ሲፈቱት በቦምብ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ይጠርግ ነበር። ይሄው ሰው ነው ኋላ እንግሊዝን አውራጃ በአውራጃ እየዞረ፣ ሕንፃዎቿን ከ1951 እስከ 1974 በ46 ጥራዝ ያወጣው። ብዙውን ጊዜ መኪናውን የምትነዳው ሚስቱ ሎላ ነበረች፤ እሱ ማስታወሻ ይይዛል፣ ማታ ይጽፋል። ሥራው ሳያልቅ በ1963 አረፈች። ይሄን ለባለቤቴ በአድናቆት ብነግራት ሽንኩርቷን እየከተፈች «አየህ፣ ገደላት» አለችኝ።

ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ነገሩ ተጠናወተኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በጡብ የተደፈነ መስኮት ባየሁ ቁጥር «ያውልሽ! የመስኮት ግብር!» እላለሁ። ከ1696 እስከ 1851 መንግሥት ቤት ውስጥ ያለውን መስኮት እየቆጠረ ያስከፍል ነበር፤ ሰዉም ግብር ሽሽት መስኮቱን ይደፍን ነበር። ባለቤቴ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን «የኛን ሳሎን መስኮትስ ማን ደፈነው?» አለች። ለካ መጽሐፎቼን ደፉ ላይ ደርድሬ ብርሃን ከልክያታለሁ። በኋላ እንዳነበብኩት ደግሞ ብዙዎቹ ድፍን መስኮቶች ግብር የሚባል ነገር ያልነካቸው፣ የቤቱ ግራና ቀኝ እኩል እንዲመስል ሲባል ከመጀመሪያው ድፍን ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይሄኛውን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለምን ብዬ?

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የባለቤቴ አብሮ አደግ ባዝ ከተማ የወለደችው። እናቷ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጥተዋል። የገንፎ ዱቄት ይዘው መጥተዋል፤ ቅቤው ግን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቀርቷል፤ ገንፎ ያለ ቅቤ ደግሞ ለአራስ ምኑ ገንፎ ይባላል። ባለቤቴ ኮረሪማና ኮሰረት፣ በሶብላም ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ በአይስክሬም ዕቃ ጢም አድርጋ ሞላችና አድራሻውን ጽፋ አስጨበጠችኝ። «ከባቡር ስትወርድ ታክሲ ያዝ። በእግርህ እንዳትሄድ። ዕቃውን እንዳታዘነብል። ግድግዳ እንዳታይ።» ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለኔ ዓይነቱ ነው። ቀኑ የሐምሌ ነው፤ የእንግሊዝ ፀሐይ ለወትሮው የማትወጣውን ወጥታ ታቃጥላለች።

ታክሲ ያልያዝኩት ስስት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ። ጎርደን ከለን የሚባል ሰው በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ከተማ የሚታየው በእግር ነው ብሎ ክፉኛ ስላሳመነኝ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከተማ አንድ ሥዕል ሳይሆን የሥዕል ተርታ ነው። ጠባብ መንገድ ትሄዳለህ፣ ትታጠፋለህ፣ አደባባይ ድንገት ይከፈትልሃል፤ ደስታው ያለው በመጥበቡና በመከፈቱ ቅያሪ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ከባዝ የተሻለ ከተማ የለም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ይሄን ሁሉ በስልክ ስፋት ባለች መስኮት ልየው?

ስለዚህ በእግሬ። ገና ባዝ አቢ የሚሉት ፊት ስደርስ ቆምኩ። ከ1499 ጀምሮ የተሠራ፣ ፐርፐንዲኩላር መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፊቱ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ መላእክት መሰላል ይወጣሉ። የሚወርዱትም አሉ፣ በአናታቸው ቁልቁል። አንገቴን ወደኋላ ሰብሬ ሳያቸው የአይስክሬሙ ዕቃ ከኔ ጋር ወደኋላ መዘንበሉን ልብ አላልኩም።

ከዚያ ወደ ኩዊን ስኩዌር። እዚህ ጋ ቅቤውን ለጊዜው ተዉትና አደባባዩን ስለነደፈው ስለ ጆን ዉድ ልንገራችሁ፤ ሰውዬው ሳይነገርለት ቢቀር ነውር ነው። ራልፍ አለን የሚባል በፖስታ ሥራ የከበረ ሰው ኮም ዳውን ላይ የድንጋይ ካባ ገዝቶ ነበር፤ ከተማዋ ሁሉ ማር የመሰለችው በዚያ ድንጋይ ነው። ዉድ ደግሞ በ1720ዎቹ መጨረሻ ከባለመሬቱ ከሮበርት ጌይ ላይ መሬት በሊዝ ወሰደ። ቤቱን ግን ራሱ አልሠራም። የፊት ለፊቱን ንድፍ ብቻ አወጣና መሬቱን ለየግንበኛውና ለየአናጢው እየቆራረሰ አከራየ፤ ውሉም «ፊቱን እኔ እንዳልኩህ ትሠራለህ፣ ከኋላው እንደፈለግህ» የሚል ዓይነት ነው። በዚህ ዘዴ ተርታ የተያያዙ የግለሰብ ቤቶች ከፊት ሲታዩ አንድ ቤተ መንግሥት ሆነው ቁጭ አሉ። ካዝናው ያልሞላ ሰው ቤተ መንግሥት የሚሠራበትን መላ ካወጣ፣ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ብልጠት አለ?

ጌይ ስትሪት ዳገት ነው። ዳገቱን እየተነፈስኩ ጨርሼ ሰርከስ ውስጥ ገባሁ። ሰርከስ ስላችሁ አንበሳ የሚዘልበት አይደለም፤ ድፍን ክብ አደባባይ ነው፤ ዙሪያውን 33 ቤቶች ከበውታል። ዉድ ስቶንሄንጅን ለክቶ ያውቅ ነበርና የዚህን ክብ ልክ ከዚያ ቀድቷል ይባላል። በ1754 አስጀመረውና በዚያው ዓመት ሞተ፤ የጨረሰው ስሙ ጆን ዉድ የሆነው ልጁ ነው። መግቢያው ሦስት ብቻ ሲሆን በየትኛውም ብትገቡ ፊት ለፊታችሁ የሚቆመው መንገድ ሳይሆን ቀስት የሠራ ግድግዳ ነው። ይሄ በመጽሐፍ ሲነበብ ጥበብ ነው። ዕቃ ይዞ ቤት ለሚፈልግ ሰው ግን ወጥመድ ነው፤ መሐሉ ካሉት ግዙፍ ዛፎች ሥር ገብቼ አንድ ሁለቴ እንደዞርኩ የገባሁበት ከየት፣ የምወጣው በየት እንደሆነ ጠፋኝ። ዛፎቹ እንኳ የዉድ ሐሳብ አይደሉም፤ እሱ መሐሉን ድንጋይ ነበር ያስነጠፈው። ቢያንስ ያኔ ሰው ወዲያ ማዶውን ያይ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። አንድ ባልና ሚስት ፎቶ እንዳነሳቸው ስልካቸውን ሰጡኝ። አነሳሁ። ስልኩን መልሶ መሄድ የሚባል ነገር አለ፤ እኔ ግን «ዓምዶቹን አያችኋቸው?» አልኩ። አላዩም። «ሦስት ፎቅ ሦስት ሥርዓት!» አልኩና ጀመርኩ። ሰው ሰውን ያያል፤ ሌሎች ሁለት ተጠጉ፣ ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ። ድምፄ ከፍ አለ። ክብ ግድግዳው ድምፄን መልሶ ለራሴ ሲሰጠኝ ደግሞ ይበልጥ አማረኝ። «ከታች ኮሪንቲያን፣ መሐል አዮኒክ፣ ከላይ ዶሪክ!» አልኩ በእጄ እየጠቆምኩ። «ጣሪያው ጫፍ ላይ ያሉት የድንጋይ አናናሶች የእንግዳ ተቀባይነት ምልክት ናቸው።» አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት አባቶቻችን የት አዩኝ እላለሁ።

ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ቅቤው ቀልጦ፣ ክዳኑን አልፎ፣ ፌስታሉን በስቶ በሱሪዬ ላይ ወደ ጫማዬ እየወረደ ኖሯል። የተረዳሁት አንድ ውሻ ጫማዬን ሲልስ ነው። ባለቤቱ ገመዱን ይጎትታል፣ ውሻው አልለቅም ይላል። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅ፣ እንዴት ይፈረድበታል! እኔም ማቆም አቃተኝ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዱን እግሬን ለውሻው ትቼ በሌላው ቆሜ ስለ አናናሱ ቀጠልኩ።

ከሰዎቹ ኋላ አንዲት ሸበቶ ሴትዮ ቆማ ፈገግ ብላ ትሰማኝ ነበር። ደረቷ ላይ ባጅ አለ። የባዝ ከንቲባ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች አሉት፤ በነፃ ነው የሚያስጎበኙት፣ ጉርሻ እንኳ አይቀበሉም። ከነሱ አንዷ ናት፤ የከበቡኝም ግማሾቹ የሷ ጎብኚዎች ኖረዋል። ጨርሼ ዝም እስክል ጠበቀችኝ። እንግሊዝ ሰውን ሲያዋርድ በጨዋነት ነው። «በጣም ጥሩ ነው» አለች፣ «ምናልባት ከታች ወደ ላይ ብናየው፤ ጌጥ የሌለው ዶሪክ ከታች ነው፣ ቀጥሎ ቀንዱ የተጠቀለለው አዮኒክ፣ ቅጠል ያለው ኮሪንቲያን ከላይ። አናናሶቹ ደግሞ ፍሬዎች ናቸው፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ።» ከዚያ ታሪኩን አወራች። ብላደድ የሚባል ልዑል በቆዳ በሽታ ተይዞ ከቤተ መንግሥት ወጣ፤ እሪያ ጠባቂ ሆነ፤ እሪያዎቹ ፍል ውሃው ጭቃ ውስጥ ተንከባልለው ቆዳቸው ሲድን አይቶ እሱም ገባ፣ ዳነ፣ ከተማዋንም ቆረቆረ። እሪያ የኦክ ፍሬ ስለሚበላ ነው ዉድ ፍሬውን ጣሪያ ላይ የደረደረው። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፤ ለሷ ነው። ውሻው ብቻ እኔ ጋ ቀረ።

አንገቴን ደፍቼ በመጀመሪያ ባገኘሁት መውጫ ተፈተለክሁ። በእርግጥ የተሳሳተው ነው። ብሮክ ስትሪትን ጨርሼ ሮያል ክረሰንት ላይ ወጣሁ። አትፍረዱብኝ፤ ከዚያ ጠባብ መንገድ ስትወጡ 30 ቤቶች ግማሽ ጨረቃ ሠርተው፣ 114 ዓምድ ደርድረው፣ ፊታቸው ሜዳ ተዘርግቶ ሲያዩዋችሁ አፋችሁ ሳይከፈት አይቀርም። ልጅየው ዉድ ከ1767 እስከ 1774 ያሠራው ነው፤ ከለን ያለኝ መጥበብና መከፈት እዚህ ነበር፣ ቅቤም ውርደትም ረሳሁ። በ1970ዎቹ አንዲት ሴትዮ እዚህ በሯን ቢጫ ቀባች ተብላ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተሟግታ ረታለች። በሩን ልፈልግ ብዬ እስከ ዳር ሄድኩ። ዳሩን ዞሬ ደግሞ ጀርባውን አየሁ። ከፊት ባለ ጥለት ቀሚስ የለበሰች ሴት ከኋላዋ በመርፌ ቁልፍ ተያይዛ ስትታይ ምን ትመስላለች? እንደዚያ ነው። አንዱ ወጣ ያለ፣ አንዱ ገባ ያለ፣ መስኮቱ ከፍና ዝቅ፣ ቧንቧው ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለ። ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ወደድኩት ብል እውነቴን ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ይመስላል።

ስልኬ በፎቶ ብዛት ሞቷል። በጥያቄ ብዛት የተጻፈልኝ መንገድ ደረስኩ፣ ቁጥሩንም አገኘሁ። በሩ ጥቁር፣ ደረጃው ንጹሕ። ደወልኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ ታች ሱሪዬን አየና ሕፃን የሚባል ነገር ቤቱ እንደሌለ ነግሮኝ ዘጋ። ወረቀቴን አየሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው፤ ከጎኑ ኤ የምትል ፊደል አለች፣ የባለቤቴ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ የእስክሪፕቶ ስህተት መሰለችኝ። ጎረቤቱን ደወልኩ። ማዶውን ደወልኩ። የእግረኛ መንገዱን ወዲያና ወዲህ እየለካሁ መስኮት ለመስኮት ሳንጋጥጥ ከእግሬ ሥር በአማርኛ ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ! ያ ቅባታም ጫማ ያንተ ነው?»

ከብረት አጥሩ በታች፣ በጉድጓዱ ውስጥ ነጠላ ያጣፉ እናት አንጋጠው ያዩኛል። «ከቅድም ጀምሮ በመስኮት ስትመላለስ አይሃለሁ» አሉኝ፣ «ጫማህን ብቻ። ለልጄ፣ ይሄ ጫማ የሀበሻ ነው አልኳት። ሽታው!»

ይሄን እኮ አንብቤዋለሁ! የዚያ ዘመን የከተማ ቤት መሬት ተቆፍሮ አይሠራም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቤቱን ከዋናው መሬት ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርገው ይጀምሩና መንገዱን በአፈር ከፍ ያደርጉታል። በመንገዱና በቤቱ መሐል ጎድጎድ ያለ ግቢ ይተዋሉ፤ በዚያ በኩል ለወጥ ቤቱ ብርሃን ይገባል፣ አገልጋይ ይገባል፣ ይወጣል። ከእግረኛ መንገዱ ሥር ደግሞ የከሰል ማከማቻ ዋሻ አለ፤ ከሰሉ ከላይ በክብ የብረት ክዳን ይወርድ ነበር። ጌታው በላይ በር፣ ሠራተኛው በታች በር። እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ ከነሥዕሉ የማውቅ ሰው በላይ በር ስደውል ዋልኩ።

ደረጃውን ወርጄ ገባሁ። አራሷ ሕፃኑን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትስቅ ነው። እማማ ዕቃውን ከፍተው ከታች የቀረችውን ቅቤ አዩ፤ ከዚያ ሱሪዬን አዩ፣ መልሰው ዕቃውን አዩ። «እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ገንፎው ቀረበ። የቅቤው ጉድጓድ ግማሽ ደረሰ።

ምን እንዳቆየኝ ሲጠይቁኝ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ዉድን፣ ዓምዱን፣ ግማሽ ጨረቃውን። አዳመጡኝና «የጃንሆይንስ ቤት አየህ?» አሉ። ዝም አልኩ። «ገና በመጣሁ በሳምንቱ ነው በአውቶቡስ የወሰደችኝ» አሉ በልጃቸው እያሳዩ። ፌርፊልድ ሀውስ ይባላል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኒውብሪጅ በኩል ያለ ቪላ ነው። ጃንሆይ ከ1936 እስከ 1940 የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉበት፣ ኋላም ለከተማው አረጋውያን ይሁን ብለው ለባዝ የሰጡት ቤት። «ዓምድ አለው?» አልኳቸው። እማማ ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ስለ ቤት ብዙ ካነበብክ» አሉ ተነሥተው፣ «ና እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ።» ግቢዋን አሻግረው ወደ ከሰል ዋሻው ወሰዱኝ። ትናንት ዘንቦ ኖሮ ከቅስቱ ጣሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የሕፃኑ ጋሪ እዚያ ነው የሚቆመው፤ ርሷል። እኔ ግን ቅስቱን ሳይ ደስ ብሎኝ «ይሄኮ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው!» አልኩ።

«ዕድሜውን መች ጠየቅኩህ፣ ልጄ። ውሃው በየት ነው የሚገባው?»

«ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ነው፣ እማማ። ከተማውም ከ1987 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሳይፈቅድ አንድ ድንጋይ መንካት አይቻልም።»

«ባልዲ መንካትስ ይቻላል?» አሉና አስጨበጡኝ።

የሞላውን ባልዲ በሁለት እጄ ይዤ፣ ቅባታም ሱሪዬን እየጎተትኩ ደረጃውን ወጥቼ አናቴ ከእግረኛ መንገዱ በላይ ብቅ ሲል ያቺ ሸበቶ አስጎብኚ ከነጎብኚዎቿ አጥሩ ጋ ቆማለች። በጣቷ ቁልቁል ወደ ደረጃው እየጠቆመች «በዚህ በኩል ነበር እንግዲህ አገልጋዮቹ ባልዲና ከሰል ይዘው የሚወጡት» እያለች ነው። ዓይን ለዓይን ተገናኘን። «ኦ!» አለች ፊቷ በርቶ፣ «ባልደረባዬ! ይሄን ክፍል እሳቸው በተግባር ያሳዩናል።» ስልክ ሁሉ ተነሣ። ቅድም ፎቶ ያነሳሁት ሰውዬ ሳንቲም አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ ሴትዮዋ «እኛ ጉርሻ አንቀበልም» ብላ በጨዋነት ከለከለችው። እኔ ግን ባልዲውን አስቀምጬ ተቀበልኩ።

«አንተ ልጅ!» አሉ እማማ ከታች፣ «ሁለተኛውም ሞልቷል!»